የሦስት ሌሊት ቤት

ልጄ ሊዮር ስልኩን በጣቱ እየገፋ
ሥዕል ያሳየኛል፣ ሥዕል እያጠፋ፤
«ይቺስ እማ? ሐይቁ ከሳሎን ይታያል፣
ይቺኛዋ ደግሞ ዋጋዋ ቀንሷል።»
እኔ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣
አፉላ ቁጭ ብዬ፣
የጥብርያዶስን ግድግዳ አነባለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ዕረፍት አጥቤያለሁ፤
አንሶላ ገፍፌ፣ አንሶላ አንጥፌያለሁ፤
ፎቶ አያታልለኝም።
በቀትር መብራቱን ያበሩለት ሳሎን
ግንብ ነው የሚያየው ቢከፍቱት መስኮቱን።
እንደ ዳክዬ አንገት የተጠመዘዘ ፎጣ
አንዳች እድፍ ይዟል ከእጥበት ያልወጣ።
«ለባሕሩ ቅርብ» ሲሉም
በመኪና ማለታቸው ነው።

እህቴ ትርንጎ በስልክ ትቆጣለች፤
«ሆቴል ግቢ! አብስለው ያቀርቡልሻል» ትላለች።
እውነቷን ነው፣ ያቀርባሉ፤
ግን ከጠዋቱ አንድ እስከ አራት ብቻ ተራቡ ይላሉ።
ደግሞ እናቴ አለች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ፣
እጇ ካላጠበው ዕቃ አይቀምስም አንደበቷ።
ሆስፒታል ስትተኛ ድስቷን ተሸክማ፣
ለነርሷ አለቻት፦ «መጣች አብራኝ ታማ።»

ስለዚህ የምሻው ብዙ አይደለም፤
ምድር ቤት ይሁን፣ ጉልበቷ ደረጃ ጠልቷል።
ምድጃው ሁለት ዓይን ይኑረው፣ ሁለቱም የሚያይ።
ቢላዋው ይቁረጥ፤ የሚያስመስል ቢላዋ ቤቴም ሞልቷል።
ዘጠኝ ሰው ክርን ለክርን ሳይጋጭ የሚቀመጥበት ገበታ፣
ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ወጡ ወርዶ፣ ዳቦው ተሸፍኖ፣
ማንም ሳይቸኩል የሚጠብቅበት ቦታ።

ሊዮር ገፋ፣ ገፋ።
«ቁም!» አልኩት።
ወጥ ቤት ነው። ነጭ ሰድር።
ከማጠቢያው በታች፣ በሦስተኛው መስመር፣
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።
አወቅኳት።
እኔ ነኝ የሰነጠቅኳት፤ ካውያ አምልጦኝ፣
አንተን አርግዤ፣ በሰባተኛው ወር።
ሁለት መቶ ሸቀል ከደመወዜ ቆረጡ፤
ሰድሩን ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልለወጡ።

«ይቺን» አልኩ።
«እማ! ሰው እኮ አልወደዳትም፣ ኮከቧን ተመልከቺ!»
«ኮከቧን ተወው።
መሳቢያዋ ጣት እንደሚነክስ አውቃለሁ፣
የገላ መታጠቢያው ቧንቧ ሌሊት እንደሚያለቅስ፣
ፀሐይ ከጎላን ጀርባ ስትወጣ
ከመኝታ ቤቱ ሳይሆን ከልብስ ማስጫው እንደምትታይ።
ባልዲዬን ደፍቼ፣ እላዩ ላይ ተቀምጬ አይቻታለሁ፤
በቀን አምስት ደቂቃ።
የተሰረቀ።»

ሄድን።
እናቴ ድስቷን ጣደች፣ የቤቱን ድስቶች ፊታቸውን አዞረች።
ልጆቹ ከነአሸዋቸው ገቡ፤ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ።
መሳቢያው ትርንጎን ነከሳት፤
(መምጣቷ አልቀረም፣ ሆቴል ሆቴል ስትል)
እኔም በየጠዋቱ ልብስ ማስጫው ላይ ወንበር አወጣሁ።
ወንበር።
ደቂቃውን አልቆጠርኩትም።

በመሄጃችን ቀን ገና ሳይነጋ
ጨርቅ ይዤ ተንበርክኬያለሁ ከማጠቢያው አጠገብ፤
ሊዮር እጄን ያዘኝ፦
«እማ፣ ተይው፤ የሚያጸዳ ሰው ይመጣል።»
«ሰው?» አልኩት። «ስሟ ማን ነው?»
ዝም አለ። ከዚያ ጨርቅ አነሳ።

ሁሉን አጠብን፣ ሁሉን ወለወልን፤
ውሃ የጠጣሁባትን አንዲት ብርጭቆ ብቻ፣
የከንፈሬ ምልክት ጠርዟ ላይ እንዳለ፣
እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ ገበታው ላይ ትቻት ወጣሁ።
ከሥሯ ሃምሳ ሸቀል።

እስከ አፉላ ድረስ
እጄን ሲበላኝ ነበር።